አሥራ አንድ አውራ ጣት በባዶ ወረቀት

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በተርታ ይቀመጣሉ። ኢዶሳ ነገሪ ከነሱ መካከል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ነው። ጃንጥላው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ጠረጴዛዋ ግን ያችው ናት፤ አንዷ እግሯ ስላጠረች ድንጋይ ተደግፋ ትቆማለች። ጠዋት ጠዋት የልደታ ማርያምን ደጅ ተሳልሞ ይመጣል፣ ወንበሩን ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን በጋዜጣ ቁራጭ ላይ ሞክሮ ይቀመጣል። የተማረው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሱን በራሱ አስተማረ። ወደ ከተማው ሲመጣ የአንድ ጠበቃ ቢሮ ዘበኛ ነበር፤ ጠበቃው የሚጥላቸውን ረቂቆች ከቅርጫት እያነሣ፣ የተሰረዘው ለምን እንደተሰረዘ እያሰላሰለ ነበር የተማረው። ኦሮምኛ የእናቱ ቋንቋ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው በኦሮምኛ ነግሮት፣ እሱ በአማርኛ ጽፎ ትርጉሙን መልሶ ሲነግረው፣ ሰውየው "ልክ እንዳልኩት ነው" ይለዋል። ኢዶሳ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ፈልጎ አያውቅም።

አንድ ልማድ ነበረው። በተርታው ያሉት ሌሎች ጸሐፊዎችም አላቸው፤ የእሱ ግን ከሐዘን የመጣ ነው። ሥራውን በጀመረበት ዓመት አንዲት አሮጊት ከሩቅ አገር መጥታ ማመልከቻ አስጻፈችው። የአባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል በመሳሳቱ ወረቀቱ ተመለሰ። እንደገና መጣች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመዝገቡ ቁጥር ተሳስቶ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ መንገድ ላይ ዝናብ መታት፤ እየተንቀጠቀጠች ጣቷን አኑራ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላያትም። ኢዶሳ ይህን ለንስሐ አባቱ ሳይቀር ነግሯል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ መፈረም የማይችል ሰው ከሩቅ ሲመጣበት፣ ከዋናው ማመልከቻ ሌላ በሁለት ባዶ ወረቀቶች ላይ አውራ ጣቱን እንዲያኖር ያደርጋል። ስሕተት ከተገኘ ያንን በባዶው ላይ አርሞ ይጽፋል፤ ባለጉዳዩም ያን ሁሉ መንገድ አይመላለስም። "መጠባበቂያ" ይላቸዋል። እንዳይምታቱበት በጀርባቸው፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል የባለቤቱን ስም ይጽፍባቸዋል። ጉዳዩ ሲያልቅ ይቀድዳቸዋል። በዚህ ልማዱ ስንቱ መርቆታል።

ባለፈው ጥቅምት ከጨፌ ቡርቃ አሥራ አንድ ገበሬዎች በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ። ጨፌ ቡርቃ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበታል። ፊት ሆና የመራቻቸው እንዳለች የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከጎኗ ደግሞ ጎረቤቷ ቦጂያ አለ፤ ቀስ ብሎ ማውራት ያልተፈጠረለት ሰው ነው።

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?" አለ ኢዶሳ።

"ቧንቧ!" አለ ቦጂያ። "በሬ ጭንቅላቱን ሳይደፋ በውስጡ የሚያልፍበት ቧንቧ።"

"በሬ አያልፍም፤ ጥጃ ነው" አለች እንዳለች። "ወንድሜ፣ እሱ እንዳለው አትጻፍ። አንድ ውሸት ካገኙብን እውነቱንም አይሰሙንም።"

ነገሩን በየተራ ነገሩት። ለከተማው ውሃ የሚያመጣ ትልቅ ቧንቧ ሊቀበር ነው። መጀመሪያ የመጡት መሐንዲሶች "በመንገዱ ዳር ነው የሚሄደው" ብለው ነበር። ቀጥሎ አንድ ባለሀብት በመንገዱ ዳር ለመጋዘን የሚሆን ሰፊ ቦታ አጠረ። ቧንቧው አጥሩ ጋ ሲደርስ እንደ ጨዋ ሰው ጎንበስ ብሎ ዞረና ገበሬው ማሳ ውስጥ ገባ። አንድ ጠዋት ቢወጡ፣ ሊታጨድ በደረሰው ጤፍ መካከል ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለው አገኙ። ከችካሉ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር ማረስ አይቻልም ተባሉ። ጥቁር አፈር ደግሞ አንዴ ሆዱ ተገልብጦ ኮረት ከተቀላቀለበት ለዓመታት አይረባም። ከዚህም በላይ መሬታቸው ጠባብ ነው፤ መሃሉ ሲወሰድ የሚተርፈው ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ ነው፤ በሬ አዙሮ ለማረስ እንኳን አይበቃም።

"ውሃውን አልከለከልንም" አለች እንዳለች። "እዚህ ከተማ የሚጠማው የእኛም ልጅ ነው። በመንገዱ ዳር ይሂድ ነው የምንለው። ይህንን ከሁሉ አስቀድመህ ጻፍልኝ።"

ይህ ቃል ኢዶሳን ልቡን ነካው። እሱ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በቀረው ቀን ከግቢው ሮቶ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። እነዚህ ሰዎች መሬታቸው እየተቆረሰ እንኳን የእሱን ጥማት አልረሱም።

ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ለፕሮጀክቱ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፈላቸው። ጽፎ ሲጨርስ የጣት ቀለሙን አወጣ። እንዳለች አውራ ጣቷን ስታኖር አንድ ነገር አስተዋለ፤ በልጅነቷ ማጭድ ቆርጧት ኖሮ ጣቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ያልፋል። አሥራ አንድ ማመልከቻ፣ ሃያ ሁለት መጠባበቂያ። ገበሬዎቹ ጣታቸውን በግንቡ እየጠረጉ መርቀውት ሄዱ።

መጠባበቂያዎቹን እንደ ወትሮው ሰላሁን ዘንድ አስቀመጣቸው። ሰላሁን ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ በኮምፒውተር ጽሑፍ የሚጽፍባት አንድ በር ሱቅ አለው። ኢዶሳ የሚቆለፍ በር ስለሌለው ፎልደሩን በሰላሁን የብረት ቁም ሳጥን ማኖር ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው። የኢዶሳ እናት ሲሞቱ ድንኳኑን የተከለው ሰላሁን ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እንዳለችና ቦጂያ ተመልሰው መጡ። እንደ መጀመሪያው አልነበረም አመጣጣቸው፤ ሰላምታም አልነበረም። እንዳለች ኮሚቴው የሰጣቸውን የፎቶ ኮፒ ክምር በኢዶሳ ጠረጴዛ ላይ ስትወረውር ድንጋዩ ተንሸራቶ ጠረጴዛዋ ዘነበለች።

"አንብብልን" አለች።

ኢዶሳ አነበበ። "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተመለከተው ባለይዞታ፣ ቧንቧው በእርሻዬ መካከል እንዲያልፍ ያለማንም ግፊት በሙሉ ፈቃዴ መስማማቴን በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ።" አሥራ አንዱም እንዲሁ ናቸው። ቀኑ ደግሞ እሱ ዘንድ ከመምጣታቸው አንድ ወር አስቀድሞ የተጻፈ ነው። የፕሮጀክቱ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ "ተስማምታችሁ ስታበቁ ሰው ቀስቅሷችሁ ነው" ብሎ ሊመልሳቸው ነው፤ የመጨረሻው ቀጠሮ ለዓርብ ነው።

"ከመካከላችን አንዱ ሸጦናል" አለ ቦጂያ። "ሁሉን ጠረጠርኩ። ሚስቴን እንኳን ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ተኝቼ ሳለሁ ጣቴን ቀለም ነክራ አስፈርማኝ ይሆናል ብዬ።"

"አንተ ስትተኛ እንኳን ጣትህን፣ እጅህን ቢወስዱት አትነቃም" አለች እንዳለች፣ ፈገግ ሳትል። "እኔንም ጠርጥሮኛል እኮ! ሃያ ዓመት አንድ ጉድጓድ ውሃ የቀዳን ጎረቤታሞች። አሁን መንደራችን ውስጥ ሰው ከሰው አይን ለአይን አይተያይም።"

ኢዶሳ አይኖቹ ወረቀቱ ላይ ነበሩ። አሻራዎቹ ሁሉ በስተግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ከጠርዙ ሦስት ጣት ርቀው ተቀምጠዋል። ሰው ጣቱን እዚያ እንዲያኖር የሚያደርግ በዚህ ተርታ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ምራቁ አፉ ውስጥ መረረው።

"ልይላችሁ" አለ። "ነገ ተመለሱ።"

ለሃያ ዓመት ሰው እንዳይመላለስበት ሲጥር የኖረ ሰው፣ ፈርቶ "ነገ ተመለሱ" አለ። እነሱም አምነውት፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለች አንዲት ዘመዳቸው ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

ሰላሁን ሱቁ ውስጥ ለውዝ እየበላ ነበር። ኢዶሳ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ፎልደሩን አወጣና ቆጠረ። አሥራ አንድ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ አዲስ ፕሪንተር ተቀምጧል።

"አሥራ አንዱ የት ሄደ?"

"የቱ አሥራ አንድ?"

"ሰላሁን!"

ሰላሁን የለውዙን ልጣጭ እፍ አለው። ልጣጩ በርሮ የገበሬዎቹ አሻራ ላይ አረፈ። "ይቀመጡ እስቲ ጋሽ ኢዶሳ። የፕሮጀክቱ ሰውዬ እኮ የመጣው በቀና ነገር ነው። ሥራው በወረቀት ምክንያት እንዳይቆም ብሎ ነው። ውሃ ነው እኮ፣ መርዝ አይደለም! እርስዎ ራስዎ በዚህ ዕድሜዎ ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ይወጡ የለ?"

"የሰው ጣት ሸጥክ።"

"ወረቀት ነው የሰጠሁት። ባዶ ወረቀት። ጣታቸውን ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት።"

ኢዶሳ ወደ አዲሱ ፕሪንተር አየ።

"ይናገሩ" አለ ሰላሁን፣ አሁንም ለውዙን እየፈለጠ። "ይናገሩና ከነገ ወዲያ ማን በእርስዎ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ እናያለን። ኢዶሳ ባዶ ወረቀት ላይ ያስፈርማል ይባላል። ተርታው በሙሉ ይነሣብዎታል፤ ሁሉም ሲያደርጉት ነው የኖሩት። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው የምናገረው።"

ኢዶሳ ክፉ ሥራ የሚሠራ ሰው ፊቱ ይለወጣል ብሎ ያስብ ነበር። የሰላሁን ፊት ግን አልተለወጠም። ያው የዕድር ቀን የሚያየው፣ ለሐዘንተኛ ወንበር የሚያቀርበው፣ "እግዜር ያጽናዎት" የሚለው ፊት ነው። ከሁሉ በላይ ያስጠላው ይኸው ነበር። ፎልደሩን አንሥቶ፣ ልጣጩን አራግፎ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ መታጠቢያው ላይ ቆመ። ጣቶቹ ዳር ላይ ያለውን ወይን ጠጅ ቀለም በሳሙና ፈተገው። ቢፍቱ፣ ባለቤቱ፣ ከኋላው መጥታ አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትታጠበው? ጀሪካኑ ሊያልቅ ነው። ነገ አንተ ነህ የምትቀዳው።"

ያኔ ሁሉን ነገራት። ታጽናናኛለች ብሎ ነበር ልቡ የጠበቀው። ቢፍቱ ግን ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ባዶ ወረቀት ላይ?" አለች። "ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጣት በባዶ ወረቀት ሰብስበህ ነው እኔ አጠገብ የምትተኛው?"

"ለእነሱ አዝኜ ነው እኮ..."

"አውቃለሁ። ማዘንህን አውቃለሁ። ግን ማንም እንዳይደክም ብለህ፣ ማንም ያላየው ነገር ላይ አስፈረምካቸው። በል ሂድና ንገራቸው።" ፎጣውን ሰጠችው። "እንጀራችንን እግዚአብሔር ያውቃል። እስካሁን ያበላን እሱ ነው፤ ጃንጥላህ አይደለም።"

በማግሥቱ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተገናኙ። ኢዶሳ ቆሞ ነገራቸው፤ ልማዱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ሰላሁንን። ምንም አላስቀረም። እያወራ ሳለ እንዳለች አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ውስጥ ጨብጣ ደበቀችው፤ እንደገና የሚወስድባት ይመስል።

"አንተን ብሎ ጸሐፊ!" ብሎ ጮኸ ቦጂያ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። "ከሚስቴ ጋር አጣላኸኝ! ከመንደር ጋር አጣላኸኝ! እኛ ደግሞ ለአንተ ብለን ምርቃት..." እንትፍ አለ፤ መሬት ላይ፣ ከኢዶሳ ጫማ አጠገብ።

እንዳለች ቦጂያን በእጇ መለሰችው። "ይህን ለእኛ የነገርከንን፣ ዓርብ ዕለት እዚያም ትናገራለህ?" አለችው።

"እናገራለሁ።"

"እንጀራህ ይሄዳል እኮ።"

"ይሂድ፣ እትዬ እንዳለች። የእርስዎ መሬት ከሚሄድ የእኔ ወንበር ይሂድ።"

ዓርብ ኮሚቴው ተሰየመ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። የፕሮጀክቱ ጉዳይ አስፈጻሚ የተተኮሰ ኮት ለብሶ መጣ፤ ሽቶው ክፍሉን ሞልቶታል። ሲናገር እንኳን ወደ ገበሬዎቹ አላየም።

"ክብርት ሰብሳቢ፣ እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው ፈርመው ሲያበቁ ነው የተቀሰቀሱት። ቀስቃሹም ይኸው እዚህ ቁጭ ብሏል" ብሎ ወደ ኢዶሳ ጠቆመ።

"ፎቶ ኮፒው አይበቃም፤ ዋናዎቹ ወረቀቶች ይቅረቡልን" አለ ኢዶሳ።

ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ፋይሉን ከፈተ። ሰብሳቢዋ አንዱን አንሥተው ስሙን አነበቡና ለእንዳለች ሰጧት። "ይህ የእርስዎ ነው።"

እንዳለች ወረቀቱን አይኗ አጠገብ አድርጋ አየችው። "የእኔ አይደለም።"

ጉዳይ አስፈጻሚው ሳቀ። "እማማ፣ ማንበብ አይችሉ፤ በምን አወቁት?"

"የማልችለው ፊደሉን ነው" አለች እንዳለች። "ጣቴን አነባለሁ።" ተነሥታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ከስድስተኛው ላይ ቆመች። "ይኸው። ይህ ነው የእኔ።" አውራ ጣቷን አሻራው አጠገብ ዘረጋች። ጠባሳው ከዳር እስከ ዳር፣ በወረቀቱም ላይ በጣቷም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ሰብሳቢዋ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም አነበቡ። "ቦጂያ ይላል።"

ቦጂያ፣ ቀስ ብሎ ማውራት ስለማይችል፣ "የእኔ ጣት ታዲያ የት አለ?" አለ።

ኢዶሳ ተነሣ። "ወረቀቱን ይገልብጡትና ጀርባውን ወደ መስኮቱ ይያዙት፣ ክብርት ሰብሳቢ። በላጲስ ጠፍቷል፤ የእርሳሱ ጭረት ግን አይጠፋም።"

ሰብሳቢዋ ገልብጠው ወደ ብርሃኑ ያዙት። አፍጥጠው አዩት። "እንዳለች" ብለው አነበቡ። ሌላውን አነሡ፤ በዚያም ላይ ከፊት ለፊቱ ስም የተለየ ስም ነበር። ሰላሁን በጀርባ ያለውን ስም ቀድሞ አጥፍቶ፣ ጣት ሁሉ ጣት ነው ብሎ፣ ወረቀቶቹን እንደመጡለት አትሞባቸዋል።

ያኔ ኢዶሳ ሁሉን ተናገረ። "እነዚህን ባዶ ወረቀቶች ያስፈረምኩት እኔ ነኝ" አለ።

"እንግዲያው ወንጀለኛው እሱ ነው!" አለ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ኮቱን እያስተካከለ።

"የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ቀን አለው" አሉ ሰብሳቢዋ። "እነዚህ ወረቀቶች ወደ እርስዎ እጅ እንዴት እንደገቡም ሌላ ቀን አለው። ዛሬ የማየው ወረቀቱን ነው።"

አሥራ አንዱ የስምምነት ወረቀቶች ተሠረዙ። ቧንቧው መጀመሪያ እንደታሰበው በመንገዱ ዳር መሄድ ይችል እንደሆነ እንደገና እንዲጠና፣ እስከዚያው ችካሎቹ እንዲነቀሉ ተወሰነ። ኢዶሳ የቀሩትን አሥራ አንድ መጠባበቂያዎች እዚያው ደጃፍ ላይ ለየባለቤቶቻቸው መለሰ። እንዳለች የራሷን አራት ቦታ ቀደደችው። ቦጂያ ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ "ለሚስቴ አሳያታለሁ" አለ። "አለበለዚያ አታምነኝም።"

የቀረው ነገር የሚያኮራ አይደለም። የሰላሁን ሱቅ አንድ ሳምንት ተዘግቶ ከረመና ተከፈተ፤ አዲሱ ፕሪንተር ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ሽቶ የተቀባው ሰውዬ ደግሞ ሌላ ፋይል ይዞ በሌላ ቦታ ሲዞር ያዩት አሉ። ኢዶሳ በዚያ በኩል ሲያልፍ አሁንም ምራቁ ይመርረዋል። ይህ የሚያልፍ አይመስለውም፤ እንዲያልፍም አልጸለየም። በተርታው ያሉት ጸሐፊዎችም ሰላምታ ነሡት፤ "ገበያችንን አበላሸህ" አሉት። አሥር ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ላይ አንድ ባለጉዳይ አልተቀመጠም። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ደጅ ተሳልሞ፣ እስክሪብቶውን ሞክሮ ይቀመጣል። እግዚአብሔር ነገሩን የመናገር ድፍረት ስለሰጠው ያመሰግናል።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንዳለች ብቻዋን መጣች። ሳትጠየቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ችካሎቹን አልነቀሏቸውም" አለች። "እኛ እንንቀላቸው ብንል ደግሞ እስር ነው ይሉናል። በል ጻፍ።"

ጻፈላት። አነበበላት። "ድገመው" አለችው፤ ደገመው። ሦስተኛም አስነበበችው። ከዚያ በኋላ ነበር ጣቷን ቀለም ነክራ፣ በስተግርጌ፣ በግራ በኩል ያኖረችው።

የኢዶሳ እጅ ልማድ ሆኖበት ወደ ባዶ ወረቀቶቹ ተዘረጋ። ሳይደርስ ቆመ። እንዳለች እጁን አየችው፤ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች።

"ብትሳሳት" አለችው፣ "ተመልሼ እመጣለሁ።"